አምስት ብረት ያለው ጊታር

ነጋዴ ነኝ። ደባርቅ ላይ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምሸጥባት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ገመድ፣ አምፖል፣ ማከፋፈያ፣ ሶላር፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይቆይ የእጅ ባትሪ። ስለ ባትሪው ለጠየቀኝ ሰው እውነቱን እነግረዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። በዚህ ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ስኖር ሰው የሠራውን ከመሸጥ ሌላ በእጄ የሠራሁት ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጊታር ነው። ታሪኩን ለመጻፍ የተነሣሁት ሌላ አሳብ ኖሮኝ አይደለም። ሱቄ ውስጥ ተሰቅሎ ያየው ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ መመለሱ ስለ ሰለቸኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከታላቅ ወንድሜ ግራ እጅ ነው።

ወንድሜ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። ወታደር ሲባል ግን የያዘው ጊታር ነበር፤ በክፍለ ጦሩ ኦርኬስትራ ውስጥ ሦስት ዓመት ተጫውቷል። ሠራዊቱ ሲበተን ጊታሩን ካምፕ ውስጥ ጥሎ፣ የሰው ሸሚዝ ለብሶ፣ በእግሩ ዳባት ገባ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አልነካም። አገባ፣ አረሰ፣ ድንጋይ ፈለጠ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ኋላም ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ ካለ አንድ ሎጅ በዘበኝነት ተቀጠረ። ቱሪስቱ ሲቀር እንኳ ዘበኝነቱ አልቀረም፤ እንግዳ ባይኖር አልጋው ይጠበቃል። ቤተሰቡ ዳባት፣ ሥራው ተራራው ላይ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ሱቅ ነው።

ከአምና ክረምት ጀምሮ የግራ እጁ ጣቶች አልታዘዝ አሉት። መጀመሪያ ትንሿ ጣቱ፣ ቀጥላም ያጠገቧ። አንድ ቀን ዳባት ጤና ጣቢያ ታይቶ ሲመለስ ሱቄ ገባና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አሉህ ወንድም ጋሼ?"

"ከብርድ ራቅ አሉኝ።"

"የት እንደምትሠራ ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው። ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ተሳስቀን ተለያየን።"

እጁን ዘረጋና ሊጨብጥ ሞከረ። ሦስቱ ጣቶች መጡ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ቀሩ። እንዲህ እያለ ከሄደ እስከ ክረምት ድረስ አንድ ጣት እንኳ እንደማይተርፈው፣ እህል ስለ መወደዱ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ "ልጄ አንድ ቀን እንኳ ስጫወት ሰምታኝ አታውቅም" አለ።

ልጂቱ በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር። አባት ለልጁ ሠርግ በሬ ይጥላል፣ ያለው ወርቅ ያስራል። ወንድሜ የፈለገው ሌላ ነው። ጣቶቹ ጨርሰው ሳይደርቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊቷ ተቀምጦ መጫወት። ይህንንም ያለኝ እየለመነኝ አይደለም። የማይሆን ነገር ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኩት። ነጋዴ ሁሉን ነገር ቀላል ነው የሚለው ዕቃውን ፈልጎ እስኪያጣው ድረስ ነው።

ጎንደር ያለ ደንበኛዬ ጋ ደወልኩ። ያገለገለ ጊታር አገኘልኝ፤ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲከፈት ጊታሩ ተሽጦ ጠበቀኝ። ሌላ አገኘ፤ እንደገና ተዘጋ። በሦስተኛው አንድ ሹፌር "ይዤልህ መጥቻለሁ" ብሎ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስፈታው የልጅ መጫወቻ ነው፤ ላስቲክ፤ ሲጫኑት መብራት እያበራ በማናውቀው ቋንቋ የሚዘፍን። ወንድሜ ገልብጦ፣ ገልብጦ አየውና "ይሄ እኔን አይፈልገኝም፤ ብቻውን ይችላል" ብሎ መለሰልኝ።

ያን ጊዜ ኅዳር ነበር። በነገሩ ተናድጄ ስለነበር ማታ ሱቅ ስዘጋ ዕቃዬን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የኤሌክትሪክ ጊታር ማለት እንጨት፣ ማግኔትና ቀጭን ሽቦ ነው። ማግኔቱ ከተቃጠለ እስፒከር ውስጥ ተፈልቅቆ ይገኛል፤ የተቃጠለ እስፒከር ደግሞ ከደህናው ይበልጥ አለኝ። ለሽቦውም አልተቸገርኩም። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ አበቤ አታልሎኝ ቬንቲሌተር በጅምላ ገዝቼ ነበር። ደባርቅ ላይ ቬንቲሌተር! ሰው በሐምሌ ሁለት ጋቢ ደርቦ በሚተኛበት አገር! አንዱን ብቻ አንድ ሆቴል ዝንብ ሊያባርርበት ገዛኝ፤ የቀሩት አቧራ ይጠጡ ነበር። የአንዱን ሞተር ስፈታ ውስጡ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ ሞልቷል። ከዚያ ኪሣራ ያገኘሁት ትርፍ እሱ ነው።

የቀረኝ ልኩ ነበር። የጊታር አንገት ላይ ብረቶች በአግድም ይደረደራሉ፤ ጣት በሁለቱ መካከል ሲጫን ድምፁ ይለወጣል። ብረቶቹ ራስጌ ሰፋ ብለው ይጀምሩና ወደ ታች እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ይህን ያስረዳኝ ወንድሜ ነው። "ዳባት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ አንድ ስብርባሪ አለ ይባላል፤ ልኩን ከእሱ ውሰድ፣ ከራስህ እንዳታመጣ" አለኝ።

ሄድኩ። ያገኘሁት ጊታር ሳይሆን የጊታር ሬሳ ነው። ሆዱ ተቀዷል፣ ክር የለውም፤ አንገቱ ግን ከነብረቱ ደህና ነው። ንብረት ጠባቂው ያለ ደብዳቤ አይወጣም አለኝ።

"ልወስደው አይደለም፤ ልለካው ነው።"

"ለመለካትም ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነ እንጃ" ብሎ ጣሪያ ጣሪያ አየ። "ቶሎ በል ብቻ። እኔም አላየሁህም።"

ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው የተዋስኩት ሜትር ነበረኝ። ክሩ ከሚጀምርበት እስከሚታሰርበት ያለውን ሙሉ ርዝመት በእሱ ለካሁ። በብረቶቹ መካከል ያለውን ግን መለካት አልቻልኩም፤ የሜትሩ ቁጥሮች በላብ ተበልተዋል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ብልጠት አመጣሁ። ከኪሴ የመብራት ገመድ አወጣሁና ለእያንዳንዱ ክፍተት አንድ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩለት። አሥራ ዘጠኝ ክፍተት፣ አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ። በተራ ካርቶን ላይ ለጥፌ ወደ ቤቴ መጣሁ። ቁጥር የጻፈ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ገመድ ግን ገመድ ነው እያልኩ በሚኒባሱ ውስጥ ራሴን ሳደንቅ ነበር።

እንጨቱን ከገበያ አላጣሁም። ለሆዱ የአሮጌ ጠረጴዛ ዋንዛ፣ ለአንገቱ ከፈረሰ ቤት የወጣ የወይራ መቃን። ይህን ተሸክሜ አልጋና የሬሳ ሣጥን ወደሚሠራው አናጢ ሄድኩ። መጠኑን ስነግረው ፊቴን አየና "ለየትኛው ነው?" አለኝ።

"ለሁለቱም አይደለም።"

"እንግዲያ እግዜር ይመስገን" ብሎ ቆረጠልኝ። የቀረውን መላግ፣ መሞረድ፣ መሰርሰር እኔው ሠራሁት። ወይራ እልኸኛ እንጨት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ገበያ በሌለ ሰዓት ሁሉ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ስፍቀው ከረምኩ። ጉልበቴን፣ ትከሻዬን፣ ጥርሴን ሳይቀር ያመኝ ነበር። ገዥ ሲመጣ በስተርጅና የመጣብኝ ሥራ እንዲታይ አልፈልግም፤ ግን የት እደብቀዋለሁ? አንዷ ሴትዮ "አካፋ ነው?" አለችኝ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ብዙ ካሰቡ በኋላ "ለእህል መንሽ አንገቱ አጠረ፤ ንገረው ለሠራው ሰው" አሉኝ።

ሽቦውን መጠምጠም የልብስ ሰፊው ድርሻ ነበር። ልብስ ሰፊው ከሱቄ ቀጥሎ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዞ የሚውል የሃይማኖት ሰው ነው፤ ሰላት አያሳልፍም፣ ነገርም አያሳልፍም። መኪናው ላይ ክር የሚጠመጥምበት ትንሽ መዘውር አለ። ማግኔቶቹን በፕላስቲክ አጣብቄ እዚያ አሰርናቸውና እሱ ይረግጣል፣ እኔ ሽቦውን በጣቴ እየመራሁ እለቃለሁ። አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ እያልን ስንቆጥር ሽቦው ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። በአራተኛው ደህና እየሄደ ሳለ አዛን ተባለና እግሩን አነሣ።

"ቁጥሩን ያዝ፤ መጣሁ።"

ተመልሶ ሲመጣ አንድ ገበሬ ማከፋፈያ ሲከራከረኝ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። "ስንት ደርሰናል?" አለኝ።

"ብዙ።"

"ብዙ ላይ ስንት እንጨምር?"

"ትንሽ።"

እንደዚያ ነው የተጠመጠመው። ከአምፕሊፋየር ጋር አያይዤው አጠገቡን በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው ድም አለ። ልብስ ሰፊው ከበርጩማው ተነሣ። ሁለታችንም ስለ ነገሩ አንድ ቃል ሳንናገር መብራት ጠፋ፤ እስከ ማግስቱም አልመጣም።

ብረቶቹን ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ካወጣሁት ቀጭን ዘንግ ቆረጥኩ። አንገቱ ላይ የገመድ ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ እያጋጠምኩ ምልክት አደረግኩ፣ በመጋዝ ጫርኩ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚደርቁት ማጣበቂያ አጣበቅኳቸው። ክር ማጥበቂያ ስላልነበረ ስድስት ቡሎን ከሆዱ ግርጌ አበጀሁለት፤ በስምንት ቁጥር ቁልፍ ነው የሚቃኘው። ክሮቹ ብቻ ከጎንደር መጡ፤ የሚኒባስ ረዳት በሲጋራ ፓኮ አድርጎ አምጥቶልኝ። ቨርኒሹን ሦስት እጅ ቀባሁት። ጉሙ ሳምንቱን ሙሉ ሱቄ በራፍ ድረስ እየመጣ አላደርቅ ብሎኝ፣ በመጨረሻ ሲደርቅ አንዲት ዝንብ ውስጡ ቀርታለች። ላውጣት ብል ይጠባሳል። ትኑር አልኩ፤ የደከማት ትመስላለች።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ወንድሜ ሐሙስ ፈቃድ አግኝቶ ወረደ። ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝቼ ጭኑ ላይ አደረግኩለት። በቁልፉ አንድ በአንድ እያጠበቀ ብዙ ቆይቶ ቃኘው። ክሮቹን ምንም ሳይጫን ሲመታቸው ሱቁ በድምፁ ሞላ። ከሥር የንብ ቀፎ የመሰለ ጉምጉምታ አለው፤ ቢሆንም ጊታር ነው። ልብስ ሰፊው መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ወንድሜ የመጀመሪያውን ብረት ተጫነና መታ። ሁለተኛውን። አምስተኛውን። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። የክሩን እኩሌታ ሳይጫን በጣቱ ነካ አድርጎ ለቀቀው፤ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ወጣ። አሥራ ሁለተኛውን ብረት ተጭኖ ደገመው፤ ሌላ ድምፅ ወጣ።

"ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው" አለኝ። "እኩሌታው እዚህ ነው። ብረትህ ያለው እዚያ ነው።"

በመካከላቸው አንድ ጣት ይገባል።

"ልኩን በምን ወሰድከው?"

ካርቶኑን ከነቁራጮቹ አመጣሁለት። ያን ጊዜም እኮራበት ነበር። ልብስ ሰፊው አንዱን ቁራጭ ነቅሎ ወደ ብርሃን አዞረው።

"አንተ፣ ገመድ ስትሸጥ የምትቆርጠው እንዴት ነው?"

"እንዴት ይቆረጣል? በባንኮኒው ሁለት ምስማር ላይ ዘርግቼ ነዋ።"

"ምስማሩ ላይ ነው የምትቆርጠው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ምስማሩ ላይ ማን ይቆርጣል! ገመድ ሻጭ ከምስማሩ ትንሽ አሳልፎ ነው የሚቆርጠው፤ ከልኩ በላይ ምራቂ ያልተጨመረለት ገዥ እንደተሰረቀ ነው የሚቆጥረው። ሃያ ስምንት ዓመት እንደዚያ ስቆርጥ ስለኖርኩ እጄ እኔን አያስፈቅደኝም። ዳባት መጋዘን ውስጥም ለእያንዳንዱ ክፍተት የኑግ ፍሬ የምታህል ምራቂ ጨምሬበታለሁ። ሙሉ ርዝመቱ በሜትር ስለተለካ ልክ ነው፤ ብረቶቹ ግን አንዱ የሌላውን ምራቂ እየተሸከመ ወደ ታች ሲሄድ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ጣት ሞልቶ ተገኘ።

ልብስ ሰፊው ከተረዳው በኋላ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። "አገር ሁሉ ስስታም ይልሃል! ለካ ቸርነትህን ለእንጨት ስታጠራቅም ነው!"

ወንድሜ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሳቁ ሲያልቅ ሦስታችንም ጊታሩን እያየን ቀረን።

"ዝም ብለህ ብትጫወተውስ?" አልኩት። "ሠርግ ነው፤ ሰው ይጠጣል፤ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አለ። "ሠላሳ ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ፣ በመጨረሻ ለልጄ አፌን ስከፍት መንተባተብ አልፈልግም።"

ጊታሩን ባንኮኒው ላይ አስተኛውና ወደ ዳባት ሄደ። ድንኳን ማስተከል ነበረበት፤ የሙሽራ አባት ነው።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። ማሲንቆ ነበር፣ ከጎንደር የመጣ ሙዚቃ የሚያጫውት ልጅም ነበር። እስፒከሮቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ልብስ ሰፊው ባጠበበለት ኮት ወንበር ሲያመላልስ፣ እንግዳ ሲያስቀምጥ፣ "ጨምሩ፣ ኧረ ጨምሩ" ሲል ዋለ። ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሙሽሪት መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ጉልበት ስማ ከተመረቀች በኋላ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው "አባዬ፣ ጊታሩስ?" አለችው። ቬሎዋን ሊያጠብብ የመጣው ልብስ ሰፊ ነው የነገራት፤ ሌላ ማን ይነግራታል።

"መልስ ላይ" አላት።

አጠገቡ ቆሜያለሁ። እኔን አላየኝም፤ አላማከረኝም። መልሱ ማክሰኞ ነው፤ ሙሽሮቹ ከደባርቅ ተመልሰው በእናት አባቷ ቤት የሚበሉበት ቀን። በመካከሉ ያለን ሰኞ ብቻ ነው።

ሰኞ ወንድሜ በማለዳ ከዳባት መጣ፤ ሱቄን ዘጋሁ። ቀብር ሳይኖር በሥራ ቀን ስዘጋ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሁለት ሰው "ማን ሞተ?" ብሎ በሩን አንኳኳ። ለብየዳ የምጠቀምበትን ብረት አግዬ እያንዳንዱን ዘንግ እነካዋለሁ፤ ማጣበቂያው ሲላላ በፒንሳ ስቤ አወጣዋለሁ። ወይራው እየተፈለጠ ከብረቱ ጋር ይመጣል። ሃያ ቀን የፈጀብኝን ሥራ እስከ አራት ሰዓት ነቅዬ ጨረስኩት። አንገቱ ላይ የቀረውን ጭረት በእንጨት ዱቄትና በሙጫ ሞላነው፤ ታርሶ የተተወ መሬት መሰለ።

"አሁን አምስት ብቻ እንመልስ" አለ ወንድሜ።

"የቀረውስ?"

"የቀረውን ለማዳመጥ ጉልበት የለኝም። እጄም ከአምስተኛው አያልፍም። ከዚያ በታች የሚወርድ ሰው እንዲታይ ብሎ ነው።"

በዚህ ጊዜ ገመድ የለም፣ ሜትር የለም። እሱ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ደግፎ በቀኝ እጁ ክሩን ይመታል። እኔ ዘንጓን ከክሩ ሥር አስገብቼ እገፋለሁ። "ወደ አንተ... ትንሽ... በዛ፣ መልስ... ተው፣ አትተንፍስ... እዚያ!" ሲል በጩቤ ጫፍ ምልክት አደርጋለሁ። ለአንዷ ብረት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሦስተኛዋ ላይ ተጣላን። እሱ ደንቆሮ አለኝ፤ እኔ ትዕዛዝ የለመደ ወታደር አልኩት፤ ልብስ ሰፊው በግድግዳው ወዲያ ሆኖ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስተኛዋ ተጣበቀች። ወንድሜ ተጭኖ መታት፤ ቀጥሎ ያለውን ክር ደግሞ ሳይጫን መታ። አንድ ድምፅ ነበሩ። ቀና ብሎም አላየኝ፤ ራሱን ብቻ ሁለት ጊዜ ነቀነቀ።

ይሁን እንጂ እጁ በዚያ ሁሉ ሥራ አብጦ ነበር። ባለቤቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው በጥብጣ በሳፋ አመጣች። እጁን ነክሮ ሲቀመጥ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና "የጥምቀት ማግስት ጥምቀት" ብላ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለን በሚኒባስ ወደ ዳባት ወረድን። ኬላ ላይ የሚፈትሸው ወጣት አስፈታን።

"ምንድን ነው?"

"ጊታር።"

"ምታው እስቲ።"

ወንድሜ መታው። ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ የትንኝ ነው።

"ይሄማ አይሰማም።"

"ኤሌክትሪክ ይፈልጋል" አልኩት።

"እኛም እንፈልጋለን" አለና አሳለፈን።

መልሱ ግቢው ውስጥ በተጣለው ዳስ ነበር። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። አማት ለሙሽራው ስም አወጡለት፣ እልል ተባለ፣ ተበላ። እኔ መብራቱን አላመንኩትም፤ አምፕሊፋየሩን ከሱቄ ባመጣሁት ባትሪ ላይ አሰርኩት። ወንድሜ ወንበር ስቦ ከልጁ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ተቀመጠና ሳል አለ። ንግግር አላደረገም። መጫወት ጀመረ።

ዜማውን አላውቀውም፤ የወታደር ቤት ይሁን የሌላ። ቀስ ያለ ነው፤ እየሄደ መለስ የሚል። ጉምጉምታው ከሥር አለ። የተቀመጠው ሰው ግማሹ ወሬውን አላቋረጠም፤ አንዱ አዛውንት "ማሲንቆው ይሻል ነበር" ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ የማየው ግራ እጁን ነው። ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚሠራው፤ በአምስቱ ብረት ላይ እንደ ሽማግሌ ደረጃ እየተጠነቀቀ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ዞረው። ደገመው። በሦስተኛው መሃል ላይ መሃል ጣቱ ተጭኖ አልነሣ አለ። በቀኝ እጁ ትንሽ ታገለ፤ ከዚያ መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ዝም አሰኛቸው። ሁሉም ነገር አንድ ሰው ሁለት ጭልፋ ወጥ እስኪጨመርለት ያህል ቢቆይ ነው።

ልብስ ሰፊው አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይም አላቆመም።

ሙሽራ በመልስ ቀን ከወንበሯ አትነሣም። ልጂቱ ካባዋን ሰብስባ ተነሣች። አባቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"ይሄን አውቀዋለሁ" አለችው።

"አታውቂውም። አንቺ ከተወለድሽ ተጫውቼው አላውቅም።"

"አውቀዋለሁ አባዬ። ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጀርባዬን በጣትህ የምትመታኝ ነው። እሱ ራሱ ነው። እዚህች ጋ ስትደርስ ቆም ትል የነበረው ሳይቀር።"

ወንድሜ ጣቶቹን አየ። የማላውቀውን ነገር ከእኔ ዕቃ መሃል አውጥታ እንዳሳየችኝ ያህል ተሰማኝ፤ እሱም እንደዚያ የተሰማው ይመስለኛል።

"እንደዚህ ነበር የምመታሽ?"

"እንደዚህ ነው። ያኔ ግን ይፈጥን ነበር።"

"ያኔ አምስት ጣት ነበረኝ" አላት። ሁለቱም ሳቁ። አልነሣ ያለውን ጣቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ አቃናችለት፤ ሰዎች ጠርተዋት እስክትመለስ ድረስ አልለቀቀችውም።

በማግስቱ ረቡዕ ፈቃዱ አለቀ። ደባርቅ አብረን ተመለስንና ወደ ቡይት ራስ የሚወጣ የጭነት መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን። ጉም ነበር። ሁለታችንም እንቅልፍ አልጠገብንም። ጊታሩን ይዤለት ስለነበር "ውሰደው እንጂ፣ ላንተ ነው የሠራሁት" አልኩት።

እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አየው።

"ምን ላደርገው?" አለኝ። "ሰማች እኮ።"

መኪናው መጣ። ከኋላ፣ በእህል ጆንያዎቹ ላይ፣ በቀኝ እጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሊረዱት እጃቸውን የዘረጉለትን ሰዎች "ተዉኝ፣ እችላለሁ" ሲላቸው ሰማሁት።